የጥምቀት ሰሞን ጎንደር፦ ግቢው፣ ባዛሩና ባሕረ ጥምቀቱ

ዘንድሮ ጥምቀትን በጎንደር ያሳለፍሁት እናቴን ይዤ ነው። እናቴ እዚያው ጎንደር አራዳ አካባቢ ተወልዳ ያደገች፣ ትዳር ወደ ሌላ አገር እስኪወስዳት ድረስ ጥጥ እየፈተለች ወላጆቿን ስትረዳ የኖረች ሴት ናት፤ ጉልበቷ ከደከመ ወዲህ ግን በዓሉን የምታየው በቴሌቪዥን ብቻ ነበር። ከጥር 8 እስከ ጥር 13 በቆየንባቸው ቀናት ሦስት ቦታዎችን ደጋግመን አየን፤ እነርሱም የፋሲል ግቢ፣ በዓሉን ተከትሎ የሚዘረጋው ባዛርና በቀሃ ወንዝ አጠገብ ያለው የአፄ ፋሲል መዋኛ፣ ማለትም ባሕረ ጥምቀቱ ናቸው። ግቢውን አይቼ አልጠገብሁም፤ ለባሕረ ጥምቀቱ አቻ አላውቅለትም፤ ባዛሩ ግን በሁለቱ ታላላቅ ቦታዎች መካከል ተተክሎ ከሁለቱም ያልተማረ ሆኖብኛል። ስለዚህ ስለ እርሱ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

አስቀድሞ ስለ ቀኑ አንድ ነገር ልበል፤ ከውጭ አገር የሚመጡ ዘመዶቻችን በየጊዜው ይሳሳቱበታልና። ከተራ ምንጊዜም ጥር 10፣ ጥምቀት ጥር 11፣ ቃና ዘገሊላ ጥር 12 ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን ወደ 20 ይሸጋገራል። የአውሮፕላን ትኬታችሁን ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን አረጋግጡ፤ በአንድ ቀን ስሕተት ከተራ ያመለጠው ሰው የበዓሉ ግማሽ አምልጦታል።

ወደ ፋሲል ግቢ የገባነው ጥር 9 ጠዋት፣ ገና ሰው ሳይበዛ ነው። አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸው ካደረጓት በኋላ ልጃቸው ጻድቁ ዮሐንስ፣ የልጅ ልጃቸው አድያም ሰገድ ኢያሱ፣ ከእነርሱም በኋላ ዳዊት፣ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሕንፃ ስለጨመሩበት፣ 70,000 ካሬ ሜትር ያህል በሚሆነው ግቢ ውስጥ የሚዞር ሰው ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው ዘመን በእግሩ እየተሻገረ ይሄዳል። የፋሲል ግንብ በአራቱ ማዕዘን በቆሙት ባለ ጉልላት ማማዎቹ አሁንም የግቢው አባወራ ነው። የኢያሱ ቤተ መንግሥት ግን ባዶውን ሰማይ እያየ ቆሟል፤ በዘመኑ በዝሆን ጥርስና በመስተዋት ያጌጠ እንደነበር የሚነገርለት ይህ ሕንፃ በምድር መናወጥ ተጎድቶ፣ ጎንደር በኅዳር 1934 ዓ.ም. ከጣሊያን ነጻ እስክትወጣ በተካሄደው ውጊያም ግቢው በአውሮፕላን ሲደበደብ ሌላ ጉዳት አግኝቶታል። ጣሊያኖች ግቢውን ለጦር መምሪያነት ተጠቅመውበት ስለነበር የጥቃቱ ዒላማ መሆኑ አልቀረም። እኔ ከሁሉም ረዘም ላለ ጊዜ የቆምሁት እዚህ ጣሪያ አልባ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ከግንቡ ጥንካሬ ይልቅ ምን ያህል በቀላሉ ሊጠፋ ይችል እንደነበር የሚታየው በዚህ በኩል ነውና።

ያገኘነው አስጎብኚ ትሑትና ዕውቀቱ የጠለቀ ወጣት ነበር። የእናቴን እርምጃ እየጠበቀ፣ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት በዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጧት ከላይ ያየነውን ሁሉ ወርዶ በቃል እየደገመላት ነው ያስጎበኘን። ለአስጎብኚ የሚከፈለውን ክፍያ ለመቆጠብ ብቻውን የሚዞር ሰው ብዙ ነገር ይቀርበታል፤ በተለይ የበሮቹ ታሪክ። ግቢው 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የድንጋይ ቅጥር የታጠረ ሲሆን፣ በቅጥሩ ላይ ያሉት 12 በሮች እያንዳንዳቸው ማን በየት ይገባና ይወጣ እንደነበር በስማቸው ይናገራሉ። ከጃን ተከል አደባባይ የሚያገናኘው ፊት በር ነው። ወንበር በር የዳኞች፣ እምቢልታ በር የነፊዎች፣ ባልደራስ በር የፈረሰኞች አለቃ ሲሆን፣ እንቆዬ በር የእቴጌ ምንትዋብን እናት ስም ይዟል። አደናግር በር የሚባለው ደግሞ የፈታዮች በር ነው።

እናቴ ይህን ስትሰማ ቆማ ቀረች። «ፈታይ በራሷ በር ትገባ ኖሯል?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀች፤ አስጎብኚውም «አዎን እናቴ፣ ፈታዮች የራሳቸው በር ነበራቸው» አላት። ከዚያ በኋላ በግቢው ውስጥ ሌላ ምንም ነገር ያን ያህል አላስደነቃትም፤ ምሳ ላይም ስለዚያው በር ነበር የምታወራው። የየበሩ ስምና ትርጉም ለጎብኚ በሚታይ ቦታ በጉልህ አማርኛ ተጽፎ ቢቀመጥ፣ አስጎብኚ መቅጠር የማይችል ተማሪም እንኳ ይህን ሳያውቅ አይወጣም ነበር። ይህን የምጽፈው ለነቀፌታ አይደለም፤ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ግቢ ለገዛ ልጆቹ የበለጠ እንዲናገር ስለምመኝ ነው።

ባዛሩን ያየነው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ድንኳኖቹ በረድፍ በረድፍ ተተክለዋል፤ መንገዱ ጠጠር ፈሶበት ከአቧራ ተርፏል፤ በመግቢያው ላይ የነበሩት ፈታሾችም ሥራቸውን በአክብሮት ይሠሩ ነበር። ይህ ሁሉ ያስመሰግናል። ነገር ግን ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ አራተኛው ድረስ ስንዘልቅ ያየነው የፕላስቲክ ባልዲ፣ ፍራሽ፣ የስልክ ቻርጀር፣ የውጭ አገር ጫማና ቅባት ነው። እነዚህ ዕቃዎች በማንኛውም ከተማ፣ በማንኛውም ወር ይገኛሉ። ሁለት ድንኳን አጠገብ ለአጠገብ ሆነው የየራሳቸውን ሙዚቃ በትልልቅ ድምፅ ማጉያ ስለሚለቁ፣ ሻጭና ገዥ ዋጋ ለመነጋገር ጆሮ ለጆሮ መጠጋት ነበረባቸው፤ እናቴም ራሷን አሟት ለጥቂት ጊዜ ወጥተን ተቀመጥን።

የባህል ልብስ የሚሸጥባቸው ድንኳኖች በአምስተኛው ረድፍ ነበሩ። ጥምቀት ለጎንደር ሸማኔ የዓመቱ መኸር ነው፤ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለውን ሰምቶ ያደገ ሰው ሁሉ ለዚህ በዓል ነጭ ልብስ ሳይገዛ ማለፍ አይወድም። እኛም ለእኔ ጋቢ፣ ለእህቴ ቀሚስ ልንገዛ ነበር የሄድነው። አንድ ነጋዴ ጋቢ ዘርግቶ «ንጹሕ የእጅ ፈትል ነው» አለን፤ የጠራው ዋጋም የእጅ ፈትል ዋጋ ነበር። እናቴ ከጫፉ አንድ ክር ስባ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ጥቂት አሸችው፣ ከዚያም ቀስ ብላ አስቀመጠችው፤ «ይኼ ክር እንዝርት አያውቅም፣ ልጄ» አለችው። ነጋዴው አልተቆጣም፤ ፈገግ ብሎ ዋጋውን ቀነሰ። ቅናሹ ግን አላስደሰተኝም፣ ምክንያቱም ከእኛ በኋላ የሚመጣው ገዥ እናቴን ይዞ አይመጣም።

ስለዚህ ከእርሷ የተማርሁትን እዚህ ላስቀምጠው። በእጅ የተፈተለ ክር ውፍረቱ አንድ ወጥ አይደለም፤ እዚህ ጋ ቀጠን፣ እዚያ ጋ ወፈር ይላል፤ ሲታሽም ለስለስ ብሎ ይበተናል። የፋብሪካ ክር ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው፤ ስታሹትም ጠንከር ይላል። ድሩ የፋብሪካ ክር ሆኖ ማጉ የእጅ ፈትል ቢሆን ነውር የለውም፤ ብዙ ሸማኔዎች ድሩ እንዳይበጠስባቸው ሲሉ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ነገር ግን ሻጩ ይህን ሊናገር፣ ዋጋውም ይህን ሊያንጸባርቅ ይገባል። ጥለቱን ስትመርጡ ጨርቁን ገልብጡና የጀርባውን እዩ፤ በሸማኔ እጅ የገባ ጥበብ ክሩ ከጀርባም ይታያል፣ የታተመ ከሆነ ግን ጀርባው የደበዘዘ ወይም ነጭ ነው። ጋቢ አራት ድርብ መሆኑንም ጠርዙን በጣታችሁ ለይታችሁ ቁጠሩ።

እነዚህን መመዘኛዎች ይዘን ስንወጣ ፍለጋችን ያበቃው ከባዛሩ አጥር ውጭ ነው። ወደ ባሕረ ጥምቀቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ሴቶች ማዳበሪያ አንጥፈው፣ አንዳንዶቹ የሸክላ ድስትና ጀበና፣ ሌሎቹ ሰፌድና መሶብ፣ ጥቂቶቹም ነጠላ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሸክላዎቹ በደባርቅ መንገድ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ከምትገኘው ከወለቃ የመጡ ናቸው፤ ወለቃ በቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎቿ ስሟ የታወቀ መንደር ስትሆን፣ ትንንሾቹ የአንበሳና የሰው ምስሎች ዛሬም በዚያው ወግ ይሠራሉ። በዳር በኩል አንዲት አረጋዊት እንዝርታቸውን እያሾሩ ተቀምጠው ነበር፤ ከፊታቸው ሁለት ነጠላዎች ብቻ ተጣጥፈው ይታያሉ። እናቴ አጠገባቸው ጎንበስ ብላ የነጠላውን ጠርዝ ነካ አደረገችና ምንም ሳትል አብራቸው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እታለም፣ ጥጡ የየት ነው?» አለቻቸው።

«የመተማ ነው። ዘንድሮ ጥጡ ጥሩ ነው፣ ግን ዋጋው አይቀመስም።»

«መቼ የፈተሉት ነው?»

«ከኅዳር ጽዮን ጀምሬ። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ ማታ ማታ አልችልም።»

እኔም «እማማ፣ ለምን ድንኳኑ ውስጥ አይገቡም? ገዥው ሁሉ ያለው እዚያ ነው» አልኋቸው። እንዝርታቸውን አቁመው አዩኝና «ልጄ፣ የድንኳኑን ኪራይ ከፍዬ ስንት ነጠላ ብሸጥ ነው የሚመለስልኝ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የኪራዩን መጠን በኋላ ከባዛሩ ውስጥ ሻጮች ስጠይቅ፣ ፍራሽና ኤሌክትሮኒክስ ለሚያመጣ ነጋዴ የማይከብድ፣ ሁለት ነጠላ ይዛ ለምትመጣ ሴት ግን የማይታሰብ ሆኖ አገኘሁት።

በዚህ ጊዜ ጠዋት የሰማነው የአደናግር በር ወደ ልቤ ተመለሰ። ነገሥታቱ በቅጥራቸው ላይ ለፈታዮች በር ሰጥተዋል፤ የዛሬው ባዛር ግን ፈታይዋን ከአጥር ውጭ አስቀምጧታል። አዘጋጆቹን ክፉ ሐሳብ አላቸው ብዬ አልከሳቸውም፤ ድንኳን፣ ጥበቃና መብራት ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ገንዘቡም ከኪራይ ይመጣል። ሆኖም ከአሥር ረድፍ አንዱን፣ ያውም ለመግቢያው የሚቀርበውንና ከድምፅ ማጉያ የራቀውን፣ ለፈታዮች፣ ለሸማኔዎች፣ ለሸክላና ለስፌት ሠሪዎች ያለ ኪራይ ቢተውላቸው ባዛሩ የሚያጣው ጥቂት ነው። እዚያው ሸማኔው መወርወሪያውን እየወረወረ፣ ፈታይዋ እንዝርቷን እያሾረች ቢታዩ፣ ከሩቅ አገር የመጣው እንግዳ ሊያየው የሚፈልገው ይህንኑ ስለሆነ ሰው ወደ ሌሎቹ ድንኳኖችም ይበልጥ ይገባል። በየልብሱ ላይ ድሩና ማጉ ምን እንደሆነ የሚገልጽ ትንሽ ወረቀት ቢንጠለጠልም ሐቀኛው ሸማኔ ከአስመሳዩ ነጋዴ ጋር በዋጋ አይሟገትም ነበር።

በባዛሩ ውስጥ ያመሰገንኋቸውንም ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም። በመጨረሻው ረድፍ ማር፣ ሰሊጥ፣ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡት ገበሬዎችና ማኅበራት ሚዛናቸውን በግልጽ አስቀምጠው፣ ዋጋቸውን ጽፈው፣ ለማቅመስም ሳይሰስቱ ይሸጡ ነበር። ከዚያ የገዛሁት ማር እንደቀመስሁት ሆኖ ነው ቤቴ የደረሰው።

ወደ በዓሉ ስመጣ፣ ከተራ ዕለት ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው፣ በዣን ጥላ ተከልለው፣ በካህናት ዝማሬና በምእመናን እልልታ ታጅበው ከፒያሳ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ይለብሳል። ከፊት ከፊታቸው ቀይ ምንጣፍ የሚዘረጉት፣ ታቦቱ ካለፈበት አንሥተው እየሮጡ እንደገና ከፊት የሚያነጥፉት ወጣቶች ሥራ ለብቻው ሊመሰገን ይገባዋል። ከእነርሱ አንዱ እናቴን በሕዝቡ መካከል ስትጨነቅ አይቶ «እናታችን፣ በዚህ በኩል ይለፉ» ብሎ እጇን ይዞ ከግፊያው አወጣት፤ ሌላው ከየት እንዳመጣው የማላውቀውን ወንበር አቀረበላት። ለዚህ አገልግሎት ማንም አልከፈላቸውም።

ባሕረ ጥምቀቱ ራሱ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ሆኖ ቆይቶ ለዚህ ቀን ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውኃ የሚሞላ ሲሆን፣ ርዝመቱ 50፣ ወርዱ 30 ሜትር ይሆናል። በመካከሉ የቆመው ግንብ በድንጋይ ቅስቶች ላይ ተደግፎ ከውኃው በላይ ይታያል፤ በዙሪያው ያሉት የዕድሜ ጠገብ ዛፎች ሥሮች ቅጥሩን አቅፈው፣ በድንጋዩ መካከል እየገቡ እየወጡ፣ የትኛው ግንብ የትኛው ሥር እንደሆነ እስኪያምታታ ድረስ አብረው አርጅተዋል። ታቦታቱ እዚያ ሲያድሩ ካህናቱ ሌሊቱን በማኅሌትና በቅዳሴ ያነጉታል። ብርዱ ግን ቀላል አይደለም፤ ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ የጥር ሌሊት ያለ ጋቢ አይገፋም። በእናቴና በእኔ መካከል አንዱ ጋቢ ሁለታችንንም ይዞ አነጋ።

ንጋት ላይ ጸሎቱ አልቆ ውኃው ሲባረክ በዙሪያው የነበረው ሰው ሁሉ ዝም ያለበት ቅጽበት አለ፤ ከዚያ ወጣቶች ከቅጥሩ ላይ ወደ ውኃው ይዘላሉ፣ ርቆ ለቆመውም ውኃው ይረጫል። እናቴ ፊቷ ላይ ያረፈውን ጠብታ አልጠረገችውም። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር ብዙ ተብሎ ነበር፤ እኔ ግን ቦታው ስለተሠራበት ጉዳይ ዛሬም ሲያገለግል ማየቴን ከማንኛውም መዝገብ አስበልጣለሁ። ከሦስት መቶ ሰማንያ ዓመታት በላይ ከኖረችው ከተማ ውስጥ እንደ ሙዚየም ሳይሆን እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሕያው ሆኖ የሚታየው ስፍራ ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳላሳስብ አላልፍም። በዚያው በ2012 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፣ ብዙዎችም ተጎድተዋል። ስለዚህ የትም ቦታ ከፍ ብሎ የተሠራ መቀመጫ ስታዩ፣ ሰው ሞልቶ ከሆነ አትጨመሩበት፤ ቀድማችሁ ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ከደረሳችሁ መሬት ላይ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ለማየት የሚበቃ ቦታ አለ። አረጋውያንን ይዛችሁ ከሆነ ከውኃው ጠርዝ ርቃችሁ በዛፎቹ በኩል ቦታ ያዙ፤ ሰው ወደ ውኃው ሲገፋ ግፊያው የሚበረታው በጠርዙ ነውና።

ስለ ማደሪያና ስለ ምግብ ብዙ የምለው የለኝም። ከሁለት ወር በፊት በስልክ የተስማማንበትን ዋጋ ያረፍንበት ሆቴል በደረስን ዕለት ከፍ አድርጎ ጠየቀን፤ ከብዙ ክርክር በኋላ በመሐል ተስማማን። በጽሑፍ ያልተረጋገጠ ዋጋ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ምግቡ በየሄድንበት ጥሩ ነበር። መንገድ ስለሚዘጋ በከተራና በጥምቀት ዕለት ባጃጅ ላይ አትተማመኑ። በበዓሉ ስፍራ ያሉት መጸዳጃዎች ለሕዝቡ ብዛት ፈጽሞ አይበቁም፤ ለሴቶችና ለአረጋውያን ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ቃና ዘገሊላ ዕለት የሚካኤል ታቦት በሕዝብ ታጅቦ ከተመለሰ በኋላ፣ ጥር 13 ጠዋት ለስንብት ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ተመለስን። ውኃው ገና አልወረደም፤ ዛፎቹ ሥር ሁለት ሰዎች ቅጠልና ወረቀት ይጠርጉ ነበር። ከቅጥሩ ምሥራቅ በኩል ያለችውን፣ በአፈ ታሪክ ዞብል የተባለው የንጉሥ ፈረስ መቃብር የሚሏትን ትንሽ ጉልላታማ ቤት በጸጥታ ያየናት ያን ጊዜ ነው፤ በበዓሉ ቀን ማንም ልብ አይላትም። ጊዜ ያለው ሰው ከበዓሉ በኋላ አንድ ቀን ጨምሮ ይቆይ።

ስንመለስ የባዛሩ ድንኳኖች እየተነቀሉ፣ ፍራሾቹ በጭነት መኪና ላይ እየተከመሩ ነበር። አረጋዊቷ በዚያው በመንገዱ ዳር ናቸው፤ ሁለቱ ነጠላዎች ግን ተሸጠዋል። እናቴ ለእህቴ የሚሆን ነጠላ ልታዝ ፈልጋ መቼ እንደሚደርስ ጠየቀቻቸው። ከጉያቸው ባዘቶ አውጥተው እንዝርቱ ላይ አያያዙና «ለፋሲካ ይደርሳል፤ ግን አንቺም ከማጉ ጥቂት ፈትለሽ ላኪልኝ፣ እጅሽን አይቻለሁ» አሏት። አሁን ይህን ስጽፍ እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ከመተማ የመጣውን ጥጥ እየባዘተች ነው።